ልቦለድ መጨረስ ያቃተው የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ሂስም እጽፋለሁ። በአጭሩ ሥራዬ ማንበብ ነው። ታዲያ ልክ ሰው «አሁንማ ደረሰ» በሚለኝ ጊዜ አንድም ልቦለድ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ስለ መጻሕፍት እንዳወራ ነው፤ መጽሐፉ ግን ጥቂት ገጽ ሳልሄድ ከእጄ ይወርዳል። ለዓመታት ደብቄው ኖርኩ። ከወጣሁበት በኋላ ሳወራው ነው ስንቱ የሙያ ጓደኛዬ ያንኑ ይዞ ዝም እንዳለ ያወቅሁት። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ፣ ፒኤችዲ ላይ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ መሀል መንገድ ላይ የደከማችሁ ካላችሁ የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ይህን ትምህርት የመረጥኩት ማንበብ ስለምወድ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ማስተርስ ስገባ ግን መጽሐፍ መውደድ እንደ ልጅነት ይታይ ጀመር። ወሬው ሁሉ ቲዎሪ፣ ማለት ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚጻፍ ንድፈ ሐሳብ ሆነ። ፈላስፋው ዣክ ዴሪዳ በ1966 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ንግግር፣ ሐያሲው ሮላን ባርት በ1967 የጽሑፍን ትርጉም የሚወስነው ደራሲው አይደለም ብሎ «የደራሲውን ሞት» ያወጀበት አጭር ጽሑፍ፣ ኤድዋርድ ሰይድ ምዕራባውያን ምሥራቁን እንዴት እንደሣሉት በ1978 ያሳተመው «ኦሪየንታሊዝም»። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ዛሬም አስተምራቸዋለሁ። እኛ ግን ከነሱ የወሰድነው አነባበባቸውን ሳይሆን ቃላታቸውን ነበር። ሰይድ ጽሑፎቹን ቁጭ ብሎ አንብቦ ነው እዚያ የደረሰው። እኛ ልቦለዱን ሳንጨርስ ስለ ልቦለዱ የተጻፈውን እናነባለን፤ ከዚያ ስለዚያ የተጻፈውን። ሴሚናር ላይ ማንም አይነቃብንም፤ ሁላችንም እዚያው ነና።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህ ትምህርት ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የተሾመው በ1828 ለንደን ውስጥ ነው። ካምብሪጅ ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ የፈቀደው በ1917 ነው። ከዚያ በፊት ቁም ነገር የሚባለው ግሪክና ላቲን ነበር። «ልቦለድ ማንበብ ምኑ ትምህርት ነው?» የሚል ንቀት ሲከተለው የኖረ ዲፓርትመንት ከባድ መምሰል ይወዳል። ተማሪውም ይህንኑ ይወርሳል።

ስለዚህ ገና ከጅምሩ አንድ ልማድ ያዙ። ማንኛውንም ሥራ መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡ፤ ሌላ ሰው ምን እንዳለ ሳታዩ አንድ ገጽ ጻፉ። ምን አስደነቃችሁ? የቱ ጋ ግራ ገባችሁ? የቱ ጋ ሰለቻችሁ? ያቺ ገጽ ጥሬ ትሆናለች፤ ግድ የለም። ሐያሲ የሚያደርጋችሁ እሷ ናት። ቲዎሪው በኋላ መጥቶ ይረዳታል እንጂ አይተካትም።

ፒኤችዲ ላይ «ክፍተቱ የት ነው?» ይባላል። ማንም ያልነካው ርዕስ ፈልጉ ይባላል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። አሥር ጊዜ ብታነቡት የማይሰለቻችሁን ደራሲ ምረጡ፤ ክፍተት የትም አይጠፋም። ማንም ያልነካው ርዕስ አንዳንዴ ያልተነካው ስለማያስነካ ነው።

የኔ ፈተና ከርዕሱ ሳይሆን ከአማካሪ መጣ። አማካሪዬ መሀል ላይ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝተው ሄዱ። አዲሱ አማካሪ ደግሞ የተጻፉትን ምዕራፎች አልወደዷቸውም። «ይህን ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ። ያዳነኝ አንድ ተራ ነገር ነው። ከመጀመሪያው አማካሪዬ ጋር በተገናኘሁ ቁጥር የተስማማንበትን በአምስት ስድስት መስመር ጽፌ በኢሜይል እልክላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ትክክል ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። እነዚያን ኢሜይሎች ሳሳይ ክርክሩ አለቀ። ይህን አድርጉ። አማካሪያችሁ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ አድርጉ።

አብራኝ የምትማር ልጅ የገጠማት ደግሞ ከኔ የባሰ ነበር። ስለ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤምሊ ዲከንሰን ሥርዓተ ነጥብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋለች። የተጠቀመችው ከኢንተርኔት በነጻ ያወረደችውን የቆየ እትም ነው። ዲከንሰን በ1886 ስትሞት ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ትታለች፤ በሕይወት ሳለች የታተሙላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1890 የወጣው የመጀመሪያ እትም አዘጋጆች የታወቁትን ሰረዞቿን አስተካክለው፣ አንዳንድ ቦታ ቃል ሳይቀር ለውጠው ነው ያሳተሙት። ለእጅ ጽሑፏ የቀረበ ሙሉ እትም የወጣው በ1955 ነው፤ አዘጋጁ ቶማስ ጆንሰን ይባላል። ልጅቷ ስለ ዲከንሰን ኮማ የጻፈችው ትንታኔ ለካ ስለ አዘጋጆቹ ኮማ ነበር! ምዕራፉ ሙሉ በሙሉ ወደቀ።

ይህ በዲከንሰን ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ1608 በታተመው የሼክስፒር ተውኔት «ኪንግ ሊር» ውስጥ ያሉ 300 ያህል መስመሮች በ1623ቱ እትም ውስጥ የሉም። የ1623ቱም በፊተኛው የሌሉ 100 ያህል መስመሮች አሉት። የቱን እንዳነበባችሁ ሳታውቁ ስለ ሊር መከራከር አይቻልም። ማስታወሻ ስትይዙ ጥቅሱን፣ ገጹን፣ እትሙን አንድ ላይ ጻፉ። በኋላ እፈልገዋለሁ ያለ ሰው ዲዘርቴሽን የሚያስገባበት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲያለቅስ ይገኛል።

ሥራ ስይዝ የጽሑፍ ቆጠራ መጣ። ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚወጣው በታተመ ጥናት ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን የላክሁበት ጆርናል ወራት አቆይቶ ሁለት አስተያየት ላከልኝ። አንዱ ገምጋሚ «በጥቂት ማሻሻያ ይታተም» ይላል፤ ሌላው «ምንም አዲስ ነገር የለውም» ይላል። አንድ ጽሑፍ ነው ያነበቡት! እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ ያን ቀን አትመልሱ። ንዴቱ ሲበርድ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ በአንድ በኩል የገምጋሚው አስተያየት፣ በሌላው በኩል ያደረጋችሁት ለውጥ። የማትቀበሉት አስተያየት ካለ በጨዋ ቃል ምክንያቱን ጻፉ። አዘጋጁ የሚፈልገው መታዘዛችሁን ሳይሆን ማሰባችሁን ነው። «ክቡር ተመራማሪ ሆይ» ብሎ በሳምንት ውስጥ በክፍያ አሳትማለሁ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ግን ሳትከፍቱ አጥፉት።

ቆጠራው በአነባበቤ ላይ ያደረገውን ያኔ አላየሁትም። መጽሐፍ የምከፍተው ለማንበብ መሆኑ ቀረ። ጥቅስ ፍለጋ ሆነ። ለጽሑፌ የሚሆን አንቀጽ ሳገኝ አቆማለሁ፤ የቀረውን ሳላነብ አልፈዋለሁ። እንደ ጉምሩክ ፈታሽ የሰው ሻንጣ ከፍቼ የምፈልገውን ብቻ አይቼ እዘጋለሁ።

ከዚያ ለጋዜጣና ለመጽሔት የመጻሕፍት ሂስ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወጣት ሐያሲዎች የሚጠፉበት ቦታ ስለሆነ። ረጋ ያለ ሂስ ስትጽፉ ማንም ምንም አይልም። አንዱን ልቦለድ ዘልዝላችሁ ስታወጡ ግን ጽሑፉ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ስልክ ይደወላል፤ «አቤት ብዕር!» ይባላል። ጭብጨባው ሱስ ነው። ሳይታወቃችሁ መጽሐፍ የምታነቡት የሚዘለዘል ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ይሆናል። ሁልጊዜ እንከን የሚፈልግ ዓይን ከጊዜ በኋላ ሌላ ነገር ማየት ይሳነዋል። እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

እንግሊዛዊውን ገጣሚ ጆን ኪትስን የገደለው ሂስ ነው የሚል የቆየ ወሬ አለ። በ1818 «ኤንዲሚየን» የተባለው ረጅም ግጥሙ ሲወጣ በታወቁ መጽሔቶች ላይ ክፉኛ ተሰደበ፤ በ1821 በ25 ዓመቱ ሞተ። ሼሊና ባይረን ወሬውን በግጥማቸው አደመቁት። እውነቱ የገደለው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቢሆንም ወሬው ይህን ያህል መቆየቱ ሂስ ምን ያህል እንደሚያም ይነግራችኋል። የለንደኑ የመጻሕፍት ሂስ መጽሔት ታይምስ ሊተራሪ ሰፕልመንት ከ1902 ጀምሮ እስከ 1974 ድረስ ሂሶቹን ያለ ጸሐፊ ስም ነበር የሚያወጣው። ስም መደበቅ ነጻነት ይሰጣል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስማችሁን ጻፉበት፤ ደራሲው አጠገባችሁ ቢቀመጥ በአፋችሁ የማትደግሙትን አትጻፉ። መጀመሪያ መጽሐፉ ምን ሊሠራ እንደሞከረ ተናገሩ፤ ከዚያ ተሳካለት አልተሳካለት በሉ። ደካማውን ዓረፍተ ነገር ከጠቀሳችሁ ምርጡንም ጥቀሱ። የወዳጅና የጠላት መጽሐፍ ሲመጣ ይቅርብኝ በሉ። የወዳጁ ይበልጥ ከባድ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ተጨመረ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ስብሰባ ነው፣ ፎርም ነው፣ የሰው ቅሬታ ነው። ማታ ቤት ስገባ የተማሪ ወረቀት ይጠብቀኛል። ልቦለዶቹን የማስተምረው ከድሮ ማስታወሻዬ ሆነ። ተማሪ አልነቃብኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ነገሩ አደባባይ የወጣው የአንድ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ዳኛ ሁን ተብዬ ነው። ደስ አለኝ፤ ክብር ነው። አንድ ካርቶን ልቦለድ መጣልኝ። አንዱን አነሣሁ፣ ተውኩት። ሌላውን አነሣሁ፣ ተውኩት። ቀኑ ሲቀርብ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረኝ፤ ሳላነብ መፍረድ ወይም መውጣት። ሳያነቡ የሚፈርዱ መኖራቸውን እሰማለሁ፤ ያን ግን አልቻልኩም። ለሰብሳቢዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጊዜ ስለሌለኝ» ብዬ ጀመርኩና ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩ፤ ማንበብ አቅቶኛል አልኩ።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ አንጋፋ ሐያሲ ናቸው። በማግስቱ ደወሉልኝ። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር።

«ዓይንህን ተመርምረህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የለም፣ ምነው እትዬ?»

«ስንት ዓመትህ ነው? ከአርባ ካለፍክ ሂድና ተመርመር። ፍልስፍናውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ሳቅሁ፤ ግን ሄድኩ። የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ታዘዘልኝ። ማታ ማታ ራሴን የሚያመኝ፣ መስመር የሚዘልብኝ ከዚያ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። በቲዎሪ ሳብራራው የከረምኩት ድካም በከፊል የመነጽር ነበር። ስለዚህ ማንበብ የከበዳችሁ ሁሉ ከዚህ ጀምሩ። ያሳፍራል፣ ግን ቀላል ነው።

ሌላው ክፍል በመነጽር አልተፈታም። እትዬ አንድ መላ አመጡ። በየሳምንቱ አንድ ግጥም በፖስታ ይልኩልኝ ጀመር፤ የገጣሚ ስም የለበትም። ግማሽ ገጽ በእጄ ጽፌ እመልሳለሁ። ሁለት ሕግ ነበራቸው፦ ማን እንደጻፈው መፈለግ የለም፤ አንድም የቲዎሪ ቃል መጠቀም የለም።

መላው የሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የካምብሪጁ መምህርና ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1920ዎቹ ለተማሪዎቹ ስምና ዘመን ያልተጻፈባቸው ግጥሞች ያድል ነበር። በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ከነዚህ 13ቱን ከነተማሪዎቹ አስተያየት አወጣ። ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች የታላላቆቹን ግጥም አጣጥለው የማይረባውን አደነቁ። ብዙዎቹ ገና የግጥሙን ቀጥተኛ ሐሳብ እንኳ አልያዙም። እኔ ይህን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በራሴ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ግጥሞች ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። የምደገፍበት ስም የለም፣ የምጠራው ምሁር የለም። «ይህን ግጥም ወደድኩት ወይስ አልወደድኩትም?» ለሚለው መልስ አጣሁ።

ቀስ በቀስ መጣ። ግጥሙን ጮክ ብዬ ሳነበው ይሻለኛል። እርሳስ ሳልይዝ ሳነበው ይበልጥ ይሻለኛል። በእጄ ስገለብጠው ደግሞ በዓይኔ ያለፍኩትን አያለሁ። ከዚያ አጭር ልቦለድ፣ ከዚያ ኖቬላ። ወፍራም ልቦለድ ላይ የደረስኩት በመጨረሻ ነው፤ እሱንም ሂስ የማልጽፍበትን፣ የማላስተምረውን መርጬ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሆናል። ጠዋት ከኢሜይል በፊት ይነበባል። ማታ የተረፈ ጊዜ ላይ ብታደርጉት የተረፈ ነገር የለም።

የሪቻርድስ ተማሪ የነበረው ዊልያም ኤምፕሰን በዚያ ሰሞን ከሐሳቤ አልጠፋም። ሒሳብ ሲማር ቆይቶ ነው ወደ እንግሊዝኛ የዞረው። ስለ አሻሚነት የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ በ1930 ሲያሳትም 24 ዓመቱ ነበር። በ1937 ሊያስተምር ቻይና ሲደርስ የጃፓን ወረራ ዩኒቨርሲቲዎቹን አሰደዳቸው። ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ተሰደደ፤ መጽሐፍ አልነበረምና ግጥሞቹን በቃሉ እያስታወሰ አስተማረ። እኔ መጽሐፎቼ ቢወሰዱብኝ ምን አስተምራለሁ? ይህን ስጠይቅ መልሱ አስደነገጠኝ። ከዚያ ወዲህ የምወዳቸውን ግጥሞች በቃሌ እይዛለሁ።

የማስተምርበትም መንገድ ተለወጠ። ክፍል ውስጥ ስም የሌለው ግጥም አድላለሁ፤ ተማሪው እዚያው በእጁ ይጽፋል። ለቻትጂፒቲም መፍትሔ ሆኖኛል። ቤት ወስደው የሚያመጡት ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት ለስላሳ ሆኖ ነበር፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን ሻካራና የራሳቸው ነው። ወረቀት ሳርምም ሁሉንም ስሕተት አልነካም። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዋና ነገር እጽፋለሁ፣ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አሰምራለሁ። ቀይ እስክርቢቶ ትቻለሁ።

«ታዲያ ፖለቲካውን ትተህ ውበት ላይ ቀረህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አፍሪካ ውስጥ በሚካሄደው የጆሴፍ ኮንራድ ልቦለድ በ«ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» ላይ ያቀረበውን ንግግር ተመልከቱ። ክሱ ከባድ ነው፤ ዘረኝነት ነው ይላል። ግን ክሱ የቆመው መጽሐፉ ላይ ነው። አፍሪካውያኑ እንዲናገሩ የተደረጉት ሁለት ቦታ ብቻ መሆኑን፣ ቅጽሎቹ ምን እየሸፈኑ እንደሆነ ከራሱ ከገጹ ያሳያል። በ1968 ናይሮቢ ላይ መምህራኑ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦዎር አኒዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀርቶ በምትኩ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ይቋቋም ብለው ሲጽፉ፣ ጥያቄያቸው ምን እንደምናነብ ነበር። እኔም የማስተምራቸውን ጽሑፎች ዝርዝር ሳየው ግማሹ ከቀድሞ መምህራን የወረስኩት፣ ማንም የማይወደው፣ እኔም የማልወደው ሆኖ አገኘሁት። የማልወደውን ማስተማር ነበር አንዱ ያደከመኝ። ቀየርኩት። ይህን ለማድረግ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ረዳት መምህር ሳላችሁም ሁለት ሦስት ጽሑፍ መቀየር ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልለይላችሁ። ማንበብ ብቻ ከጠፋባችሁ ከላይ ያልኳችሁን ሞክሩ። እንቅልፍም፣ ምግብም፣ ሰውም አብሮ ከጠፋባችሁ ግን ጉዳዩ የመጽሐፍ አይደለም፤ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂዱ። የሥራ ድካም ነው ብሎ ድብርቱን ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ባልደረባ አለኝ። ሲታከም ነው የተነሣው።

እኔን በፈተና ሰሞን አሁንም ይመለስብኛል። የወረቀት ክምር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ልቦለድ ነው። ያኔ ሂስ ጻፍልን የሚለኝን ሁሉ ከሴሚስተሩ በኋላ እላለሁ፤ አንድ አጭር ልቦለድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ለእትዬም እደውላለሁ። ግጥም መላካቸውን አላቋረጡም። የኔን ግማሽ ገጽ ደግሞ እያረሙ ይመልሱልኛል፤ በቀይ።